በገረሴ ቁልቁለት ያልታጠፈችው መኪና

ኦይታ ሽማግሌ ላከብኝ። ይላክ! ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መላክ ወግ ነው፤ እኔም ወግ አላፈርስም። ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባዘዘው! ሾፌሩ ባዘዘው! ጺሙን ተላጭቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከአቶ ሀይሌና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ኋላ ኋላ እያለ «እንደምን ዋልሽ፣ እትዬ አስቴር» ብሎ ቤቴ ሲገባ ደሜ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ፈላ። ዓይን አውጣ! በኋላ እንደሰማሁት ለምኖ ያመጣው ኦይታ ራሱ ነው፤ «ያን ቀን አብሮን ስለነበር ይመሰክርልኛል» ብሎ።

አቶ ሀይሌን አከብራቸዋለሁ። መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገ ጀምሮ ከቤት ቤት እየዞሩ ያጽናኑን እሳቸው ናቸው። ጸለዩ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ ጀመሩ። «ልጄ፣ ዘመኑ ክፉ ነው። በአንድ አርባ ምንጭ ባልሽ ላይ ሴቻ በሰው ቤት፣ አንቺ ታች ሲቀላ ብቻሽን። እስከ መቼ? እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ…»

«የለም፣ አቶ ሀይሌ» አልኳቸው አቋርጬ። «ልጄን እግዚአብሔር አልነሣኝም። የነሡኝን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ። አንዱ ደጅ ቆሟል፤ አንዱ ደግሞ እዚህ ጎንዎ ተቀምጦ ውኃዬን ይጠጣል።»

ባዘዘው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ኦይታ እንደ ወጉ ውጭ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነበር፤ የበደለ ሰው እስኪጠራ ድረስ ደጅ ይቆያል። በሩ ክፍት ነው፤ ድምፄን ይሰማል። ይስማ ብዬ ጮክ አደረግኩት። «አስታርቁ ከተባላችሁ መጀመሪያ ስሙኝ» አልኩ። የነገርኳቸውም ይሄን ነው።

ዳና አንድ ልጄ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው የደረሰ ሰሞን በየሰፈሩ ልጅ ይታፈስ ነበር። የጎረቤቴ የስመኝ ልጅ ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እኔ ያንን አይቼ ዝም ልል ነው? ዳናን ጫኖ፣ ወንድሜ ብዙነህ ዘንድ ላክሁት። ብዙነህ በመስኖ የሚያለማው የሙዝና የማንጎ ማሳ አለው፤ ሙዙ ውስጥ የገባ ሰው ካልጠሩት አይገኝም።

ቀበሌ ጠሩን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ኦይታን ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቀ። «እናንተ ጴንጤዎች አትዋሹም ይባላል። በል መጽሐፍህን ያዝና ልጄ ያለበትን አላውቅም ብለህ ማል» አለው። ማላገጡ ነው። ባሌ ግን መምህር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ለእሱ መጽሐፍ ማላገጫ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማለ። እኔ ብሆን ኖሮ መጽሐፍ በኩንታል ቢያመጡልኝ በሁሉም እምልላቸው ነበር! ልጅ ነው እኮ! እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው፤ ሲጸልይ ድምፁ ይሰበራል፤ ስብከት ሲሰጡት «አሞኛል» ይላል። «ተው አንተ ሰውዬ፣ ሆድ ይፍጀው በል» አልኩት። የኦይታ ሆድ ምንም የማይፈጅ ሆድ ነው።

በክረምቱ መግቢያ ገረሴ ያለች አክስቱ ሞተች። ለቅሶ ሄድን። ስንመለስ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶቡስ የለም። ያን ጊዜ ጓድ ካሳ ለገበሬዎች ስብሰባ ገረሴ መጥቶ ነበር። ጓድ ካሳ የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ነው፤ ከሰሜን የመጣ፣ ጋሞኛ የማይሰማ፣ ልጁን ግን ኦይታ የሚያስተምርለት። «መምህር፣ ግቡ፣ አብረን እንወርዳለን» አለን። እኔ ልቤ አልወደደውም። ግን ካድሬ ግቡ ሲል እምቢ ማለትስ ምን ያስብላል? ገባን።

መኪናዋ በእርዳታ የመጣች አዲስ ናት። ሾፌሩ ይሄው ባዘዘው። ጓድ ካሳ ከፊት፤ ከኋላው ኦይታ፣ እኔ መሀል፣ በወዲያ በኩል አባ ደበሌ የሚባሉ ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርዱ የገረሴ ሽማግሌ። ከዕቃው ጋር ከኋላ አንድ ጠብመንጃ የያዘ የቀበሌ ጠባቂ ነበር። እኔ መሀል ስለተቀመጥኩ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ማርሹም፣ ከማርሹ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ዘንጎችም ፊት ለፊቴ ናቸው።

ከገረሴ ወጣ እንዳልን አንድ ማጥ ውስጥ ገባን። አንዱ የፊት ጎማ ጭቃውን እየረጨ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ባዘዘው ያኔ አፍ ነበረው! አንዷን ዘንግ ይዞ «ጓድ፣ ይዩልኝ» አለ። «ይቺ የፊቱን ሁለት ጎማ አንድ ላይ ትቆልፋቸዋለች። ካልተቆለፉ አንዱ ጭቃ ሲያቦካ ሌላው ቆሞ ያያል። ከተቆለፉ ግን እኩል ይዞራሉ፤ ጠንካራ መሬት የረገጠው ይጎትተናል።» ዘንጓን ሳባት፣ ከታች አንድ ነገር ጠቅ አለ፣ መኪናዋ እያጓራች ወጣች።

ጓድ ካሳ ደስ አለው። «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አትቆልፈውም?»

«አይሆንም፣ ጓድ። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ አጭር። እኩል ዙሩ ተብለው ከተቆለፉ መሪው ድንጋይ ይሆናል። አንተ ታጠፍ ትላለህ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ይንሸራተቱና አፍንጫዋን ወደ ገደሉ ይዘዋት ይሄዳሉ። ደረቅ ድንጋይ ላይ ከሆነ የጎማውን ዘንግ ቁርጥ!»

«እንዳትሰብራት!» አለ ጓድ ካሳ፣ ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ያንኛውን ጂፕ የሰበረው ሾፌር የት እንዳለ ታውቃለህ። አሻጥር ነው የተባለው። አንተንም አልምርህም፤ የአገሬ ሰው ነህ ብዬም አላልፍህም።» እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይሄን ሁሉ በገዛ አፉ የነገረን እሱ ነው።

ማጡን አልፈን ድንጋያማው ቁልቁለት ሲጀምር ባዘዘው ዘንጓን ወደ ቦታዋ መለሳት። ስትገባ ጠቅ ብላ ነበር፤ ስትወጣ ግን ድምፅ የለም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን በሁለት እጁ እየታገለ ሲጠመዝዝ የአንገቱ ጅማት ተገተረ። መኪናዋ አልታጠፈችም። ጎማው ድንጋዩን እየፋቀ ቀጥ ብላ ወደ ጠርዙ ሄደች፤ ፍሬን ያዘ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ እንደ ምንም አዞራት። «ምን ሆነሃል?» አለ ጓድ ካሳ። «ጭቃ ነው፣ ጓድ፣ መሪው ውስጥ ጭቃ ገብቶ ነው።»

ጭቃ! እጁ በጃኬቱ ሥር ተደብቆ ያችን ዘንግ ወደፊት ወደ ኋላ ሲያደርግ እኔ አያለሁ። ዘንጓ ትሄዳለች፤ ከታች ያለው መቆለፊያ ግን ተነክሶ ቀርቷል፤ አይለቅም። «አቁመህ እየው» አልኩት። በመስተዋቱ አየኝ። ዓይኑ ለመነኝ። እኔ ለዚያ ዓይን አልራራሁለትም፤ ግን ጓድ ካሳ ፊት ደግሜ አልተናገርኩም፤ የሰው እንጀራ ነው ብዬ። ወይ ሞኝነቴ!

ሁለተኛው መታጠፊያ ቀይ ጭቃ ያለበት ተዳፋት ነበር። ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ወደ ታች ሸተት አሉ፤ ባዘዘው መሪውን ወደ ተራራው ቢያዞርም መኪናዋ ወደ ገደሉ ታያለች። አባ ደበሌ የእኔን ጉልበት ይዘው ጮኹ። ከዳር ያለ ቁጥቋጦ ባይይዘን አልቆልን ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ቁጥቋጦም የለም። ቀጥ ብላ ሄዳ አንዱ የፊት ጎማ ጠርዙን አልፎ አየር ላይ ቆመ፤ ከሥሩ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው። ቀስ ብለን በኋላ በር ወረድን።

የመንደሩ ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። የእኛ አገር ሰው ለዚህ አይለመንም፤ የተቸገረ ካየ ይጎትታል። ገመዱን ከኋላ አሰሩ። ባዘዘው «ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንደሆነ ልይ» ብሎ መዶሻውን ይዞ ከሥር ገባ። በዚህ መሀል አባ ደበሌ በጋሞኛ መናገር ጀመሩ። «ጎትቱም አትጎትቱም አትወጣም» አሉ። «ሦስት ጊዜ እምቢ ያለች መኪና በጭቃ አይደለም። ከመሀላችን ጎሜ ያለበት ሰው አለ።»

እዚህ አገር ሰው ክፉ ሠርቶ ሲደብቀው ጎሜ ይይዘዋል ይላሉ። ከብቱ ይመክናል፣ ማሳው ይከዳዋል፣ አብሮት የሚሄደውም ሰው ይጠፋል፤ በሽማግሌ ፊት ወጥቶ እስኪናገር ድረስ አይለቀውም። እኛ አማኞች ይሄን ትተናል። ኦይታ ራሱ «ጎሜ የሰይጣን ማስፈራሪያ ነው» እያለ ስንት እሑድ አስተማረን! የመንደሩ ሰዎች ግን ገመዱን መሬት ላይ ጣሉት። ጎሜ ያለበትን መኪና የሚነካ የለም።

አባ ደበሌ ከራሳቸው ጀመሩ። የወንድማቸውን ልጅ የእንሰት ድንበር ገፍተው እንደነበር ተናገሩ፤ እንደሚመልሱም ቃል ገቡ። ከዚያ ሁሉም ሰው እኛን አየን። ኦይታ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ገባኝ። እጁን ይዤ ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «ኦይታ፣ እብድ እንዳትሆን። መኪናው ነው። መቆለፊያው አልለቀቀም፣ ሲነግረን ሰምተሃል። ስማው፣ ከሥር ሆኖ እየቀጠቀጠው ነው!» እውነትም ኳ፣ ኳ ይላል። የባዘዘው እግር ከመኪናው ሥር ወጥቶ ይታያል። ከእኔ በቀር ያየው የለም።

ባሌ እጁን ከእጄ አስለቀቀ። «ዝም በይ፣ አስቴር። አንቺ እምነት የለሽም» አለኝ።

ሰማችሁ? እምነት የለሽም! ጎሜን ላላምን ያስተማረኝ ሰውዬ ጎሜን አላመንሽም ብሎ እምነት የለሽም አለኝ!

መሀል ገብቶ ቆመ። በጋሞኛ፣ እንባው እየወረደ፣ ሁሉን ተናገረ። መጽሐፍ ይዞ በሐሰት መማሉን፣ ልጁን መደበቁን፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሰላም አለማግኘቱን። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈር መጠጡ፤ ብዙዎቹም ልጅ የተወሰደባቸው ናቸው። ያ ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ እንኳ የእኛው ሰው ነበርና ሁሉን ሰምቶ እንዳልሰማ ፊቱን አዞረ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ያን ቀን ሰው የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ባዘዘው ከሥር ወጣ። ገመዱን አነሡ። መኪናዋን አስነሥቶ ወደ ኋላ ሲል፣ እነሱም ሲጎትቱ፣ ጠቅ! ያችን ድምፅ ሰማኋት። መቆለፊያው ለቀቀ። መሪውን ግራና ቀኝ አዞረ፤ ጎማዎቹ ታዘዙ። አገሩ በእልልታ ተናወጠ። አባ ደበሌ የኦይታን ግንባር ሳሙት። ባሌ ከታሰረበት የተፈታ ሰው ይመስል ነበር፤ ሲስቅም አየሁት።

ጓድ ካሳ አንድም ቃል አልገባውም ነበር። «ምንድን ነው የነገራቸው?» አለ።

እኔ ቀደምኩ። «የመሬት ነገር ነው፣ ጓድ፤ የአክስቱ የድንበር ጉዳይ ነው» አልኩ። አለቀ! በዚያው ያልቅ ነበር! ጋሞኛ የማይሰማ ሰው፣ ሁለተኛ ላይጠይቅ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄድ ነበር።

ኦይታ ግን ዞረ። «አይደለም፣ ጓድ» አለው በጥሩ አማርኛ። «የልጄ ነገር ነው። ዳና የት እንዳለ አላውቅም ብዬ ምዬ ነበር። አውቃለሁ።» የተናዘዘውን ራሱ ተርጉሞ አስረከበው። አሁን ከጎሜ ወጣሁ ብሎ ወዲያው ሌላ ውሸት መዋሸት አቃተው። ወንድሞቼ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ጅብ ጠርቶ የሚያስረክበውን ግን እኔ ብቻ ነኝ ያገባሁት!

ወደ ባዘዘው ሮጥኩ። «ንገራቸው! ለምን እንዳልታጠፈች ንገራቸው! መቆለፊያው ነው በል!» ጓድ ካሳ ወደ እሱ ዞረ። ባዘዘው እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ ቀና አይልም። «ጭቃ ነው የያዘን፣ እትዬ» አለ። «ሌላውን እኔ ምን አውቄ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መኪናው ውስጥ ጓድ ካሳ ማር ሆነ። «የት ነው ያለው፣ መምህር? አይዞህ፣ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ይመዘገባል፣ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፣ ጦር ግንባር አይሄድም፤ እኔ አለሁ።» ኦይታ «ጫኖ» አለ። እኔ ክንዱን እስኪደማ ቆነጠጥኩት። ምንም አልመሰለውም፤ ደስተኛ ነበር። ባዘዘው እየነዳ ነው። የቀረውን ቁልቁለት መኪናዋ በየመታጠፊያው ያለ አንዳች ችግር ዞረች፤ በአንድ እጁ ነበር የሚነዳት።

ሲቀላ ስንደርስ «አውርዱኝ» አልኩ። ሮጬ፣ ሰው ልኬ፣ ለብዙነህ ላስነግር ነበር። ጓድ ካሳ «አብረን ነን እንጂ፣ እናት ልጇን አታይም?» አለ። ባዘዘው ፍጥነቱን ሳይቀንስ በደጄ አለፈ።

ጫኖ ሙዙ ዳር ቆምን። ጓድ ካሳ ብልጥ ነው፤ ሰው አላስገባም። «መምህር፣ አንተው ጥራው። እንዳይደነግጥ» አለ። ኦይታ ወረደ። «ዳና!» ብሎ ተጣራ፤ ለምሳ እንደሚጠራው። እኔ በጋሞኛ «ሩጥ! ሩጥ ልጄ!» ብዬ ስጮህ ጓድ ካሳ አፌን በእጁ አፈነው። ነከስኩት። ሙዙ ተንቀሳቀሰ። ልጄ ወጣ። አባቱን አይቶ ሳቀ፤ ለእኛ ብሎ የቆረጠውን የበሰለ ሙዝ በእጁ ይዟል። ጠባቂው ክንዱን ሲይዘው እንኳ የሚያየው አባቱን ነበር።

ጽሕፈት ቤት አልሠራም። ማሠልጠኛ ገባ፣ ወደ ሰሜን ተጫነ። አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ የሴቻ ልጅ አምና መጥቶ አብረው እንደነበሩ፣ በእጁም እንደቀበረው ነገረኝ። ኦይታን ከቤቴ ያስወጣሁት ከጫኖ የተመለስን ዕለት ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ልጄን ሰጠሁ፤ ግን ያን ቀን እውነት በመናገሬ የሰው ሁሉ ነፍስ ከገደል ተረፈ» ይላል። እንቅልፍ የሚተኛው በዚህ ነው። ለልጄ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ይሄን እየሰማ «እውነትም» ይለዋል። እኔ አንጀቴ እርር ድብን ይላል።

እዚህ ላይ አቆምኩ። አቶ ሀይሌ መነጽራቸውን አውልቀው ይዘውታል። ወደ ባዘዘው ዞርኩ።

«አንተ፣ ቀና በል። ኦይታ ያመጣህ ልትመሰክርለት ነው አይደል? በል መስክር። ጓድ ካሳ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል፤ ማንን ትፈራለህ?»

«እትዬ…» አለ። «እኔም የልጆች አባት ነኝ። የሰማሽው ነው፤ ያንን ሾፌር…»

«ልጅ ያለህ አንተ ብቻ ነህ? ተናገር!»

ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። «መቆለፊያው ነው» አለ ወደ አቶ ሀይሌ። «ቁልቁለቱ ላይ ተነክሶ አልለቅ አለኝ። ብናገር ሰበርክ እባላለሁ ብዬ ጭቃ ነው አልኩ። ከሥር ገብቼ በመዶሻ መታሁት፤ ወደ ኋላ ስል ለቀቀ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከሥር ሆኜ መምህር የሚሉትን አልሰማሁም። በኋላ ስሰማ… በኋላማ ምን ልበል።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ኦይታ ሳይጠራ መጥቶ ቆሟል። እኔንም ሽማግሌዎቹንም አላየም፤ ባዘዘውን ብቻ ነው የሚያየው።

«ባዘዘው» አለው ቀስ ብሎ። «እኔ ባልናገር ኖሮ… ትታጠፍ ነበር?»

ባዘዘው ወደ እኔ አየ።

«ትታጠፍ ነበር፣ መምህር።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ። ከሥር ስወጣ በመዶሻው ላልቶልኝ ነበር።»

ኦይታ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ባዘዘው «ይቅር በሉኝ» አለ። አቶ ሀይሌ ሊጸልዩ እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ሰዓት ስጠብቅ፣ ሲመጣ ምን ብዬ እንደምሰድበው አልጋዬ ላይ ሆኜ ስደረድር ነበር የኖርኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የባሌ ጫማ ላይ ጭቃ ደርቆ አየሁ፤ ከሴቻ በእግሩ ነው የወረደው።

ቀና ብሎ አየኝ። «አስቴር፣ አንቺ ያኔውኑ አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ» አልኩት። «እጅህን ይዤ በጆሮህ ነገርኩህ። ምን እንዳልከኝ ረሳኸው?»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው በአጠገቡ እያለፉ ወጡ፤ ባዘዘውም ወጣ።

«አልረሳሁትም» አለ።

በሩን አልዘጋሁበትም። ግባም አላልኩት።